«ተቀባዩ የለም» ሲባል የት ነው የሌለው? የዳፊና የቫይቫክስ ወባ ታሪክ ሲተች

ስለ ሴል ተቀባዮች የሚያስተምርም ሆነ የሚጽፍ ሰው አንድ ምሳሌ ከእጁ አይወጣም፤ ጓጉንቸርና ቁልፍ። በሴሉ ገጽ ላይ የተተከለው ተቀባይ ፕሮቲን ጓጉንቸር ነው፤ መልእክት ይዞ የሚመጣው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ቁልፍ። ከገጠሙ በሩ ይከፈታል፣ ካልገጠሙ ተዘግቶ ይቀራል። ምሳሌው ለመጀመሪያ ቀን ትምህርት መልካም ነው። ኢንሱሊን ስኳር ወደ ሴል እንዲገባ እንዴት እንደሚያደርግ፣ አድሬናሊን የልብ ምትን እንዴት እንደሚያፈጥን በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስረዳል።

ችግሩ ምሳሌው ሁለት ጥያቄዎችን ያስረሳል። ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለው በየትኛው በር ላይ ነው? የሚንጠለጠለውስ መቼ ነው? ሰውነታችን አንዱን ጅን በአንድ ዓይነት ሴል ላይ ዘግቶ በሌላው ላይ ክፍት ሊተወው ይችላል። በአንድ ሴል ዕድሜ ውስጥ እንኳ አንድ ተቀባይ ለጥቂት ቀን ብቅ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ «ይህ ሰው ይህ ተቀባይ የለውም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። የት? መቼ? የሚለው ካልተመለሰ ብዙም አልተባለም።

ይህ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ዳፊ ከሚባለው ተቀባይ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የዳፊ ታሪክ በብዙ የባዮሎጂ መማሪያና በብዙ የሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ መስመር ይነገራል፤ «አፍሪካውያን በቀይ የደም ሴላቸው ላይ ዳፊ ስለሌላቸው ቫይቫክስ ወባ አይዛቸውም።» ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ይህን መስመር ያነበበ ሰው «እንዴ፣ ታዲያ እኛስ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም መስመሩን እንደገና ያስጽፋል።

ሜዳው፣ ውኃውና ሁለቱ ወባዎች

በወረታ ዙሪያ ያሉት እንደ ቁሐር ሚካኤል ያሉ የፎገራ ቀበሌዎች ኑሯቸው ከውኃ ጋር ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ ፎገራ የሩዝ አገር የሆነውም በዚሁ ነው። ውኃው መጉደል ሲጀምር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ቢምቢ ይፈላል፤ ንዳድም ይነሣል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቆላ አይባልም። ወባ ግን የቆላ ብቻ በሽታ እንዳልሆነች ኢትዮጵያ በከባድ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ከፍታ ቦታዎችን ሳይቀር የመታው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ የድሮ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት በኢትዮጵያ መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ወባዎች ናቸው። ፋልሲፓረም በፍጥነት የሚያደክመውና ቶሎ ካልታከመ የሚገድለው ነው። ቫይቫክስ ደግሞ ተመላላሹ ነው። በጉበት ውስጥ አድብቶ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ቢምቢ ሳትነክስ ጭምር፣ እንደገና ይነሣል። አርሶ አደሩ በመስከረም ታክሞ ድኖ፣ ሌላ ጊዜ ሥራ በበዛበት ወቅት ደግሞ ይተኛል ማለት ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አብዛኛው አፍሪካ ወባ ሲባል ፋልሲፓረም ነው፤ ቫይቫክስ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከሦስት የወባ ሕሙማን አንዱ ገደማ ቫይቫክስ ነው ያለበት። ይህን ልዩነት ነው ዳፊ ያብራራል የተባለው።

ውብ የሆነ ግኝት

ትችት ከመሰንዘሬ በፊት የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። የዳፊ ምርምር ከዘመናዊ ባዮሎጂ ውብ ሥራዎች አንዱ ነው።

ስሙ የመጣው በ1950 ነው። እንግሊዝ አገር ደም ያለማቋረጥ የሚፈስበት በሽታ ያለበት፣ ስሙ ዳፊ የተባለ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ደም ተሰጥቶት ስለነበር፣ በደሙ ውስጥ እስከዚያ የማይታወቅ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ። ይህም አዲስ የደም ዓይነት መኖሩን አሳወቀ። ቆይቶም በምዕራብ አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ይህ ምልክት በቀይ የደም ሴሉ ላይ እንደሌለው ታየ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ሁለቱን ነገሮች አገናኟቸው። በ1976 ባወጡት ጥናት፣ ቫይቫክስ በያዘች ቢምቢ ከተነከሱ 17 ፈቃደኞች መካከል ወባው በደማቸው ያልተነሣው አምስቱ ብቻ ነበሩ። አምስቱም ዳፊ የሌላቸው ናቸው።

ቀጥሎ በ1993 ዳፊ በመደበኛ ሥራው ምን እንደሆነ ታወቀ፤ የኬሞካይን ተቀባይ ነው። ኬሞካይኖች ትንንሽ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ናቸው። ጉዳት ወይም ቁስለት በተነሣበት ቦታ ይለቀቁና ነጭ የደም ሴሎችን «ወዲህ ኑ» ብለው ይጠራሉ። ሌሎቹ የኬሞካይን ተቀባዮች መልእክቱን ተቀብለው በሴሉ ውስጥ ላለው አስተላላፊ፣ ጂ-ፕሮቲን ለሚባለው፣ ያቀብላሉ። ዳፊ ግን ይቀበላል እንጂ አያቀብልም። በቀይ የደም ሴል ላይ ሲሆን በደም ውስጥ የተረፈውን ኬሞካይን እየያዘ የሚያስቀር ማጠራቀሚያ ይመስላል። ለዚህም ነው ዛሬ «ኢ-መደበኛ የኬሞካይን ተቀባይ 1» በሚል ስም የሚጠራው። የቫይቫክስ ተሕዋስ ይህን ተቀባይ ቀይ ሴሉን መያዣና መግቢያ አደረገው። ከራሱ በኩል የዳፊ ተጣባቂ ፕሮቲን የሚባል መያዣ አለው።

በ1995 ደግሞ ዳፊ ለምን እንደማይታይ ተገለጠ። ጅኑ አልጠፋም። ከጅኑ ፊት ለፊት ባለው ማብሪያ ላይ አንዲት ፊደል ተቀይራለች። በዚህም የተነሣ ጋታ-1 የተባለው፣ በቀይ ሴል ዘር ውስጥ ጅኖችን የሚያበራ ፕሮቲን እዚያ ቦታ ላይ መቀመጥ አቃተው። በአንዲት ፊደል ለውጥ የአንድ በሽታ ካርታ በአህጉር ደረጃ ተለወጠ ተባለ። ማን ነው እንዲህ ያለ ታሪክ ደግሞ ደጋግሞ የማይናገር?

ከአምስት ሰው ወደ አንድ አህጉር

ትችቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። የ1976ቱ ጥናት አዘጋጆች ያሳዩት አምስት ሰዎች እንዳልታመሙ ነው። ከጊዜ በኋላ በመማሪያ መጻሕፍት የቀረው ግን «አፍሪካውያን አይያዙም» የሚል ሕግ ነው። በመካከል ሁለት ነገሮች ተዘለሉ።

አንደኛ፣ «አፍሪካዊ» የሚለው ቃል በዳፊ ጉዳይ አንድ ነገር አይናገርም። ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ ያለውም የሌለውም ሰው በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይኖራል። የኢትዮጵያ የዳፊ ደም ዓይነትና የቫይቫክስ ወባ ግንኙነት በ1981 ራሱን የቻለ የምርምር ጽሑፍ ሆኖ ወጥቷል። ስለዚህ አገሪቱ ከሕጉ ጋር እንደማትገጥም መረጃ ጠፍቶ አይደለም። ኢትዮጵያ «ልዩ ሁኔታ» ተብላ በግርጌ ማስታወሻ ታለፈች። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር የግርጌ ማስታወሻ ሲሆን፣ የተሳሳተው አገሩ ነው ወይስ ሕጉ?

ሁለተኛ፣ በዚያው በ1995 ሌላ ቡድን ዳፊ የሌላቸው በሚባሉ ሰዎች በትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ሴሎች ላይ ዳፊ እንዳለ አሳይቶ ነበር። ማብሪያው የተበላሸው ለቀይ ሴል ዘር ብቻ ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ነገር ግን የደም ዓይነት ምርመራ የሚያየው ከደም ሥር ተቀድቶ በብልቃጥ የገባውን፣ ያደገውንና የበሰለውን ቀይ ሴል ብቻ ነው። «ዳፊ አልባ» የሚለው ስም በሰውየው ላይ ተለጠፈ እንጂ፣ በትክክል የሚናገረው ስለ አንድ ዓይነት ሴል በአንድ ዕድሜው ነው። ስያሜው ራሱ ሳይንሱን አሳሳተ ብል አላጋነንኩም።

ማስረጃው መከማቸት ቀጠለ። በ2010 ማዳጋስካር ውስጥ ዳፊ አልባ በሆኑ ሰዎች ደም ቫይቫክስ ተገኘ፤ በ2013 ከኢትዮጵያም ተመሳሳይ ዘገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከበርካታ የአፍሪካ አገሮች ዘገባዎች ተከተሉ። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ነገር ጨመሩ፤ ዳፊ አልባ በሆኑት ሰዎች ደም ውስጥ የሚገኘው የተሕዋሱ ብዛት አነስተኛ ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

«አዲስ ቁልፍ» ፍለጋ

ሕጉ ሲሰበር የሳይንስ ዓለም ምን አደረገ? የጓጉንቸርና የቁልፍ ምሳሌውን አልመረመረም፤ ምሳሌውን ይዞ አዲስ ቁልፍ ፍለጋ ሄደ። በዳፊ ካልገባ በሌላ በር ገብቷል ማለት ነው፤ ቫይቫክስ ተለውጧል፤ አዲስ መክፈቻ አበጅቷል ተባለ።

አንዱ እጩ የዳፊ ተጣባቂ ፕሮቲን ጅን መባዛት ነበር። በማዳጋስካርና በኢትዮጵያ በተገኙ ተሕዋሶች ይህ ጅን ሁለትና ከዚያ በላይ ቅጂ ኖሮት ተገኘ። ግምቱ አሳማኝ ይመስላል፤ መያዣው ከበዛ ደካማውን መንጠላጠያም ይይዛል። ግን ይኸው መባዛት ዳፊ አልባ ሰው በሌለበት በካምቦዲያም በብዛት ተገኘ። በ2020 የወጣ ጥናት ደግሞ ሌላ ጥቅም አሳየ። ቅጂው የበዛው ተሕዋስ ሰውነታችን በዚህ ፕሮቲን ላይ ከሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት የተሻለ ያመልጣል። ስለዚህ መባዛቱ ለዳፊ አልባ አፍሪካውያን የተቀረጸ ቁልፍ ነው የሚለው ትረካ መሠረቱ ሳሳ።

ሌሎች ተቀባዮችም ተገኝተዋል። በ2018 ትራንስፈሪን ተቀባይ 1 የተባለው፣ ብረት ወደ ሴል የሚያስገባው ፕሮቲን፣ ቫይቫክስ ለጋ ቀይ ሴሎችን የሚለይበት እንደሆነ ታወቀ። ይህ እውነተኛና ጠቃሚ ግኝት ነው። ቫይቫክስ ለምን ያደጉትን ሴሎች ትቶ ከመቅኒ አዲስ የወጡትን እንደሚመርጥ ያስረዳል። የዳፊን ቦታ ግን አልተካም። ለጋውን ሴል መለየትና ወደ ውስጥ ሰብሮ መግባት ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸውና። በሳይንስ ዜና ላይ ግን እያንዳንዱ አዲስ ተቀባይ «ሌላኛው በር ተገኘ» ተብሎ ሲቀርብ አንባቢው ቀድሞ የነበረው በር ተዘግቷል ብሎ እንዲያስብ ይደረጋል።

መቅኒ ውስጥ የታየው

በ2023 ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው ፍለጋውን ወደ መቅኒ ወሰዱት። ቀይ የደም ሴል መቅኒ ውስጥ ሲሠራ በደረጃ ነው የሚያድገው። መጀመሪያ አስኳል ያለው ጀማሪ ሴል ነው፤ ከዚያ ሄሞግሎቢን እየሞላ፣ አስኳሉን እየጣለ፣ ለጋ ሆኖ ወደ ደም ይወጣል። ተመራማሪዎቹ ዳፊ አልባ ከሆኑ ሰዎች የተገኙ ጀማሪ ሴሎች ሲያድጉ በየደረጃው ተመለከቱ። ዳፊ አለ! በሁሉም ላይ አይደለም፣ ለዘለቄታውም አይደለም፤ ግን በተወሰኑ ጀማሪ ሴሎች ላይ ለአጭር ጊዜ ብቅ ይልና ይጠፋል። ከቡድኖቹ አንዱ ቫይቫክስ እነዚህን ሴሎች በላቦራቶሪ ሲይዛቸው አሳይቷል።

እንግዲህ ወደያዝናት ነጥብ እንመለስ። ዳፊ አልባ በሆኑ ሰዎች ደም ውስጥ ተሕዋሱ ለምን ትንሽ ሆነ? አንዱ አሳማኝ መልስ ይህ ነው፤ ተሕዋሱ የሚኖረው በዋነኛነት መቅኒ ውስጥ ከሆነ፣ ከጣት በተወሰደ ጠብታ የሚታየው ከዚያ ሾልኮ የወጣው ጥቂቱ ነው። ይህ ከሌላ ማስረጃም ጋር ይገጥማል። በ2021 በኢንዶኔዥያዋ ፓፑዋ በቀዶ ጥገና የወጡ ጣፊያዎች ሲመረመሩ ምልክት በማያሳዩ ሰዎች ውስጥ ከነበረው የቫይቫክስ ክምችት እጅግ አብዛኛው በደም ውስጥ ሳይሆን በጣፊያ ውስጥ ተገኝቷል። እነዚያ ሰዎች ዳፊ አላቸው። ስለዚህ ቫይቫክስ በጥቅሉ ከደም ይልቅ ደም የሚሠራበትንና የሚጣራበትን ቦታ የሚወድ ተሕዋስ እየመሰለ ነው።

ይህን ሥራ አደንቃለሁ፤ ግን እሱም ከመተቸት ማምለጥ የለበትም። በሰሃን ውስጥ ያደገ ሴል መቅኒ አይደለም። አንድ ነገር ሊሆን እንደሚችል ማሳየት፣ በሕመምተኛው አካል ውስጥ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ዳፊን የማይፈልግ ሌላ መግቢያም ጎን ለጎን ሊኖር ይችላል። «ምሥጢሩ ተፈታ» የሚሉ ርእሶችን ሳይ ስጋቴ ይህ ነው። የ1976ቱን አምስት ሰው የአህጉር ሕግ ያደረገው ችኮላ፣ የ2023ቱን የሰሃን ሙከራ ደግሞ ሌላ ሕግ እንዳያደርገው።

ያው ተቀባይ፣ ሌላው ገጽ

ዳፊ ከወባ ውጪም ሥራ እንዳለው ብዙ ጊዜ ይረሳል። በ2009 የወጣ የዘረመል ጥናት፣ ያቺው አንዲት ፊደል ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በደም ውስጥ ዝቅ ብለው እንዲቆጠሩ እንደምታደርግ አሳየ። በ2017 ደግሞ በአይጦችና በሰው ደም ላይ የተሠራ ምርምር ምክንያቱን መቅኒ ውስጥ አገኘው። ዳፊ በሌለበት ሁኔታ የሚሠሩት ኒውትሮፊሎች ባሕርያቸው ትንሽ ይለያል፤ ከደም ሥር ቶሎ ወጥተው ወደ አካል ክፍሎች ይገባሉ። ስለዚህ በደም ናሙና ሲቆጠሩ ያንሳሉ እንጂ ሰውየው መከላከያ አጣ ማለት አይደለም። አሁንም ጥያቄው ያው ነው፤ «የለም» ሲባል የት?

ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። በአውሮፓውያን ላይ ተመሥርቶ የወጣው የተለመደው ወሰን በአንድ ማይክሮሊትር ደም 1,500 ኒውትሮፊል ነው። ከዚያ በታች የሆነ ሰው የካንሰር መድኃኒቱ ሊቀነስበት ወይም ሊዘገይበት፣ ከመድኃኒት ሙከራ ሊወጣ፣ ክሎዛፒን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሊከለከል ይችላል። ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የራሳቸው ማጣቀሻ መጠን እንደሚያስፈልጋቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥራዎች አሳይተዋል። ያኔ የተገኘው ልዩነት ሁሉ የዳፊ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ ግን የሰው ወሰን ተውሶ የራስን ሰው መለካት አደገኛ መሆኑን ያስተምራል።

ፎገራ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። በ2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ የተነሣው የካላ አዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ትኩሳት አለ፣ ጣፊያ አብጧል፣ የወባ መድኃኒት አልሠራም። በሽታው ካላ አዛር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሰው አለቀ። ካላ አዛር ደግሞ ከምልክቶቹ አንዱ ነጭ የደም ሴል መቀነስ ነው። እንግዲህ በወረታ ወይም በአዲስ ዘመን አንድ ወጣት ትኩሳት ይዞት መጥቶ የኒውትሮፊል ቁጥሩ ዝቅ ቢል ምን እንበል? «ዳፊ አልባ ነው፣ ለሱ ጤና ነው» ብሎ መተው ካላ አዛርን ሊያሳልፍ ይችላል። «ቁጥሩ ዝቅ ብሏልና በሽታ ነው» ማለትም ጤነኛውን ሊያመላልስ ይችላል። መልሱ ከቀመር አይገኝም። የዚያን ሰው የዳፊ ዓይነት፣ የቀድሞ ቁጥሩን፣ ጣፊያውንና የመጣበትን ቦታ አንድ ላይ ማየት ይጠይቃል። የተቀባይ ሳይንስ ለጤና የሚጠቅመው እንዲህ ሲነበብ ነው።

ምን ይለወጣል?

አንባቢ «ይሄ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ለታማሚው ምኑ ነው?» ቢል መብቱ ነው። ሦስት ነገር አለው።

የመጀመሪያው ክትባት ነው። በዳፊ ተጣባቂ ፕሮቲን ላይ የተሠራ የቫይቫክስ ክትባት በእንግሊዝ አገር በጥቂት ፈቃደኞች ላይ ተሞክሮ፣ በ2023 በታተመው ውጤት መሠረት ተሕዋሱ በደም ውስጥ የሚባዛበትን ፍጥነት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። «ቫይቫክስ አፍሪካ ውስጥ ዳፊን ትቷል» የሚለው ትረካ እውነት ከሆነ ይህ ክትባት ለኢትዮጵያ ዳፊ አልባዎች ዋጋ የለውም። መቅኒ ውስጥ ያለው ታሪክ እውነት ከሆነ ግን ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ ያውም ፀረ እንግዳ አካሉ መቅኒ ውስጥ በበቂ መጠን ከደረሰ። የትኛው ትረካ ትክክል እንደሆነ ማወቅ ገንዘብ የት እንደሚፈስ ይወስናል።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። ማይክሮስኮፕም ሆነ በጤና ጣቢያ የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ የሚያየው የጣትን ደም ነው። ተሕዋሱ ሌላ ቦታ የሚከማች ከሆነ «ኔጋቲቭ» የሚለው ውጤት ከምናስበው በላይ ደካማ ነው ማለት ነው። ይህ በሁሉም ቫይቫክስ ላይ ይሠራል፤ ዳፊ አልባ በሆነው ላይ ደግሞ ይብሳል።

ሦስተኛው ሕክምናው ራሱ ነው። ክሎሮኪን በደም ያለውን ቫይቫክስ ይገድላል፤ በጉበት የተኛውን ግን የሚያወጣው ፕሪማኪን ነው። ፕሪማኪን በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን ይወሰዳል። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን የለቀቀው ሰው አሥራ አንድ ቀን ተጨማሪ ክኒን እንዲውጥ ማሳመን ቀላል አይደለም። በተጨማሪም ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም እጥረት ያለበትን ሰው ቀይ ሴሎች ሊያፈርስ ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ይህ ሁሉ ድካም የሚገባው ቫይቫክስ «የሌሎች አገር ወባ» ተብሎ ካልተናቀ ነው። ሕጉ ቫይቫክስን ከአፍሪካ አጀንዳ ለረጅም ጊዜ ገፍቶት ቆይቷል፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ቫይቫክስ የሚመላለስባቸው ሰዎች ናቸው።

በዚህ ላይ የራሳችን ተመራማሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አለ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላ አዛርን ለማረጋገጥ ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ ናሙና መውሰድ የታወቀ የሕክምና አሠራር ነው። በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና በሕመምተኛው ሙሉ ስምምነት፣ ለምርመራ ከተወሰደው የተረፈው ናሙና በውስጡ ቫይቫክስ ይኖር እንደሆን፣ የሰውየው የዳፊ ዓይነትስ ምን እንደሆነ ሊጠየቅ ይችላል። ለምርምር ብቻ ተብሎ ማንም በመርፌ ሳይወጋ፣ የሰሃኑ ሙከራ በሕያው ሰው ላይ ይጸና እንደሆነ የሚነግረን መረጃ እዚሁ አጠገባችን ሊኖር ይችላል።

ለመምህራንና ለጸሐፊዎችም አንድ ነገር ልበል። ጓጉንቸርና ቁልፉን ጣሉት አልልም፤ ተማሪ ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት። ግን «አፍሪካውያን ዳፊ የላቸውም፣ ስለዚህ ቫይቫክስ አይዛቸውም» የሚለው መስመር ከመማሪያው ይውጣ። በምትኩ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «በአንዳንድ ሰዎች ዳፊ በበሰሉ ቀይ የደም ሴሎች ላይ አይታይም፤ እነዚህ ሰዎች በቫይቫክስ የመያዝ ዕድላቸው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ሊያዙ ይችላሉ።» ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ፤ ውበቱም ቀነሰ። የፎገራ ልጅ ትምህርት ቤት ቁጭ ብሎ ሲያነበው ግን ቤቱ ካየው ጋር አይጣላበትም።